በጢስ መውጫው የመጣ ሳል

ከታች ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሁለተኛው ፎቅ የወጣው ሰላም ሊል ሳይሆን ሊቆጣ ነበር። የጎረቤቱ ውሻ ከንጋት ጀምሮ በር እየቧጠጠ ሲያስልና ሲያላዝን ጆሮው ሊበጠስ ደርሷል። አንኳኳ። ደግሞ አንኳኳ። መልስ ሲያጣ፣ ለክፉ ቀን ተብሎ በአደራ የተሰጠውን ቁልፍ አውጥቶ ከፈተ፤ ክፉው ቀን ያ ቀን ነበር።

ጎረቤቱ፣ ጡረታ የወጣው የካርታ ነዳፊ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ላይ ቀና እንዳደረገ ሞቶ ተገኘ። ጉልበቱ ላይ በእንፋሎት የረጠበ ደብተር አለ። የውሃው ቧንቧ ተዘግቷል። በሩም ተዘግቶ ነበር። ነጥብ የሚባለው ውሻ ግን ከመታጠቢያ ቤቱ ውጪ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው። ፀጉሩ በፎጣ ተጠርጎ ደርቋል፤ የተኛበት ፎጣ ተስተካክሎ ተነጥፎለታል።

መርማሪዋ ደርሳ በሩ ላይ ብዙ ቆመች። ባልደረቦቿ ገለባውን ከፍሬው ትለያለች ብለው «ሰፌድ» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ ግን የሚደፍር የለም። ቤቱን አየችው። አንድ ሲኒ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ። ወንበሮቹ ሁለት ናቸው፤ በሁለተኛው ላይ የውሻው ብርድ ልብስ ታጥፏል። ጠረጴዛው ላይ የዓይን ጠብታ ቆሟል። ሰው ሲሞት ቤቱ ብዙ ያወራል፤ ይሄኛው ቤት ግን ለወትሮውም የሚያወራ አይመስልም። መርማሪዋ እንዲህ ያለ ቤት ታውቃለች። የራሷም ከዚህ ብዙ አይለይም።

አስከሬኑን ያየው ሐኪም ነገሩን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ሰውየው ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሞተው በጋዝ የሚሠራው የውሃ ማሞቂያ በሚያወጣው፣ ሽታም ቀለምም በሌለው መርዝ ነው። ግራ የተጋባው የተጠራው የማሞቂያ ጠጋኝ ነው። ማሞቂያው ጢሱን የሚያስወጣው ከመሬት እስከ ጣራ በሚዘልቅ፣ ስፋቱ ሁለት ስንዝር በሆነ የግንብ ቀዳዳ በኩል ነው። የሦስቱም ፎቆች መታጠቢያ ቤቶች በየፍርግርጋቸው ወደዚያው ይከፈታሉ። ጠጋኙ ክብሪት ጭሮ ወደ ፍርግርጉ ሲያስጠጋ ጢሱ ሽው ብሎ ወደ ላይ ተሳበ።

«ጤነኛ ነው» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «እንዲህ የሚስብ ጢስ መውጫ ሰው አይገድልም።»

«ግን ገድሏል» አለች መርማሪዋ።

ቃሏን ልትሰጥ መጀመሪያ የመጣችው ነጥብን የምታክመው የእንስሳት ሐኪም ነበረች። ወጣት ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ገደልኳቸው» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«ቁጭ በይ መጀመሪያ። የሚገድሉ ሰዎች እንዲህ ቸኩለው አይነግሩኝም።»

ሐኪሟ ተቀመጠች። «ዓይናቸውን ሊታከሙ ሲገቡ ነጥብን ለአራት ቀን ውሻ ማቆያ ሰጡት። ብዙ ውሾች አንድ ላይ በሚያድሩበት ቦታ ሳል ቶሎ ይጋባል። ሲመለስ ደህና ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ጀመረው። ደረቅ ሳል ነው፤ ጉሮሮው ላይ አጥንት የተሰነቀረበት ያስመስላል። የሚሰማው ሰው የሚሞት ነው የሚመስለው።»

«ይሞታል?»

«አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል። ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል እንጂ። ከሌላ ውሻ አይቀላቅሉት፣ አያሩጡት፣ አንገቱን ከማሰር ደረቱ ላይ የሚታሰረውን ይጠቀሙ አልኳቸው። ሳሉን እየቆጠሩ እንዲጽፉልኝም ነገርኳቸው። ደግሞ መታጠቢያ ቤቱን ዘግተው፣ የሞቀ ውሃ ከፍተው፣ ለሩብ ሰዓት እንፋሎቱ ውስጥ አብረውት ይቀመጡ አልኩ። ማሞቂያው የጋዝ ይሁን የኤሌክትሪክ አልጠየቅኩም። ሐሙስ ደውለው ነጥብ ከእንፋሎቱ ሲወጣ ተንገዳገደ ሲሉኝም፣ ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።»

መርማሪዋ የሐሙሱን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

«ማክሰኞ የሙያ ፈቃድ ቦርድ ፊት እቀርባለሁ። ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ቢነጥቁኝም አልፈርድባቸውም። ግን ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ከዚህ በኋላስ ለማን ደፍሬ እንዲህ አድርግ እላለሁ?»

«አንድ ነገር ንገሪኝ። ከእንፋሎት የወጣ ውሻ ምን ይደረጋል?»

«ብርድ እንዳይመታው በደንብ ይደርቃል።»

«ደርቋል። ቧንቧውም ተዘግቷል። ሥራው አልቋል ማለት ነው። ታዲያ ሰውየው ለምን ብቻውን ተመልሶ ገብቶ በሩን ዘጋ?»

መርማሪዋ የሚከነክናትን ጥያቄ ለራሷ መናገሯ ነበር።

የሟቹ የእህት ልጅ ረጅም ጎልማሳ ነው። ቤቱን የሚወርሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ልብስ ሰፊው ከወዲሁ በዓይኑ ፈርዶበታል። ጎልማሳው ግን የፈረደው በራሱ ላይ ነው።

«አጎቴ ራሱን ያጠፋ ይመስለኛል» አለ መሬት መሬት እያየ። «ለአራት ቀን ውሻዬን ያዝልኝ ብሎኝ ነበር። ሥራ ይበዛብኛል አልኩት። እሺ ልጄ፣ አይዞህ አለኝ። አይዞህ ያለኝ እሱ ነው እንግዲህ። ከዚያ በኋላ አልደወለም፤ እኔም አልደወልኩም።»

መርማሪዋ ደብተሩን ገለጠችው። የሟቹ እጅ ካርታ መንደፍ የለመደ ነውና አጻጻፉ ደስ ይላል። ዓይኑ ግን ስላልዳነ ፊደሉን ሁሉ አግዝፎ ጽፎታል። የሰኞውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦ «ጠዋት አሥራ አራት ጊዜ ሳለ። ከሰዓት ዘጠኝ ጊዜ። እንፋሎት ሩብ ሰዓት። አንባቢዋ ጀልባው ወንዙ መሃል እስኪደርስ ድረስ አነበበች።» ቀና አለች። «አንባቢዋ ማን ናት?»

«ሬዲዮ ይሆናላ። ለአንድ ወር እንዳያነብ ተከልክሎ ነበር፤ ያለ መጽሐፍ ደግሞ መኖር አይችልም።»

መርማሪዋ ወደ መደርደሪያው ሄዳ በሬዲዮው አናት ላይ ጣቷን ሳበች። ጣቷ አቧራ ይዞ ተመለሰ። በመሃረቧ ጠረገችው። ከዚያ ወደ ረቡዕና ሐሙስ ገለጠች፦ «ነጥብ ተንገዳገደ። እኔንም ራሴን አመመኝ። አንባቢዋ የለችም።» «አንባቢዋ ዛሬም የለችም። ታማ ይሆን?» የዓርቡ ገጽ በእርጥበቱ ከቀጣዩ ጋር ተጣብቋል። እንዳይቀደድ ብላ ደብተሩን በቢሮዋ መስኮት ላይ ልታደርቀው ይዛው ሄደች።

ልብስ ሰፊው ራሰ በራ ነው፤ ወሬውን ሳይለካ ይቆርጣል።

«ሳል ነው የምትይው እህቴ? የአንዱን ደንበኛ ወገብ ስለካ ያ ውሻ ቢያስል፣ ሰውዬው ደንግጦ ትንፋሹን ሳበ። ሱሪው ጠቦት መልሶ አመጣልኝ! ከጓሮ ያለው ሽንት ቤቴ ፍርግርግ አለው፤ በዚያ በኩል ይመጣል፣ ልክ አጠገቤ ያለ ነው የሚመስለው።»

«እስከ መቼ ሰሙት?»

«እስከ ዓርብ ነዋ። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንኳ አንጀቱ እስኪወጣ ነው የሚያስለው። ቀን ከቀን ባሰበት እንጂ መች ተሻለው!»

«እርስዎስ ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ሐሙስና ዓርብ ራሴን ሲፈልጠኝ ሰነበተ። መነጽሬ አርጅቶ ነው። በሬን ከፍቼ ነፋስ ሲያገኘኝ ተሻለኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰውየው ጥሩ ሰው ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ እኔ ግን ጎረቤት ሆንኩት እንዴ? ቁልፉን ይዤ አምስት ዓመት። አንድ ቀን ሳይሞት ገብቼ አላውቅም።»

ሦስተኛው ፎቅ የመጨረሻው ነው፤ ከላዩ ጣራ ብቻ ነው ያለው። በሩን የከፈተችው ሴት ሃምሳን ተሻግራለች። ለዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት እያነበበች ትቀርጻለች። የሥራ ክፍሏ ከመታጠቢያ ቤቷ ጎን ነው፤ ግድግዳውን በሙሉ ወፍራም ብርድ ልብስ አልብሳዋለች። መሃል ላይ የድምፅ መቅረጫና ጠንካራ የእንጨት ወንበር አለ።

«በዚህ ላይ ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ?» አለች መርማሪዋ ወንበሩን በእጇ እየነካች።

«በቀን አምስት ስድስት ሰዓት።» ድምፅዋ ሙሉና ሙቅ ነው፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእንደዚያ ያለ ጸጥተኛ ሰው ይወጣል ብሎ የሚገምት የለም።

«ሰውየውን ያውቋቸው ነበር?»

«ስምንት ዓመት በደረጃው ላይ ሰላም ተባብለናል። ከዚያ ያለፈ የለም።»

«ውሻቸው ሥራዎን አላወከም?»

«መጀመሪያ አካባቢማ አሳሩን አበላኝ። አንድ ገጽ አምስት ጊዜ የምደግምበት ቀን ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ ግን ተሻለው መሰለኝ፤ አልሰማሁትም።»

«ሄደው ነግረዋቸው ነበር?»

ሴትየዋ ደነገጠች። «እኔ? ሰው በር ላይ ቆሜ ምን እላለሁ?»

«ራስ ምታትስ? በዚህ ሳምንት አሞዎት ነበር?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

መርማሪዋ ልትወጣ ስትል ዞር አለች። «የሰኞንና የዓርብን ንባብዎን ይዤ ሄጄ ብሰማው ይፈቅዱልኛል?»

ሴትየዋ ፊቷ በራ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ንባቧን ልስማው ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሥራዋ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይላካል፤ ከዚያ ማን እንደሚሰማው፣ ይወደድ ይጠላ ወሬው አይደርሳትም። ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈበትን ቅጂ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ለምን እንደተፈለገ እንኳ አልጠየቀችም። ሌላ ጥንቁቅ ሰው ቢሆን ይጠይቅ ነበር፤ ብቸኝነት ግን ጥንቃቄን ያስረሳል።

መርማሪዋ መኪናዋ ውስጥ ምሳዋን እየበላች ሰማችው። የፈለገችውን ለማግኘት አሥር ደቂቃ በቂ ነበር፤ እሷ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብላ ቀረች። ምግቧ ቀዝቅዟል። ጀልባው ከወንዙ መሃል ወዴት እንደሚሄድ ሳታውቅ መነሳት አቃታት። ያን ጊዜ ነው ሲከነክናት የዋለው ጥያቄ ገና በመጀመሪያው ቀን የተመለሰላት። ወዲያው ወደ ልብስ ሰፊው ጓሮ ተመልሳ፣ የጢስ መውጫውን ታችኛውን ፍርግርግ ፈትታ እጇን አስገባች። ያወጣችው ጥቀርሻና ቢጫ የስፖንጅ ፍርፋሪ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በአንባቢዋ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ልብስ ሰፊው ቆሟል። የእህት ልጅ በሩን ተደግፏል። ሐኪሟ ነጥብን አቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ውሻው አልፎ አልፎ ያስላል፣ ሲያስል ሆዱን ትደግፍለታለች። የሰዎቹ ሁሉ ዓይን የነገውን የቦርድ ጉባኤ በፊቷ ላይ ያነብባል።

«ሦስት ግምት ሰምቻለሁ» አለች መርማሪዋ። «አንደኛው የሐኪሟ ምክር ገደለው ነው። ሩብ ሰዓት ብላዋለች፤ ሩብ ሰዓቱ አልቆ፣ ውሻው ደርቆ፣ ውሃው ተዘግቶ ነበር። ደግሞ ለስድስት ቀን ምክሯን ሲከተል ደህና ነበር። ሁለተኛው ራሱን አጠፋ ነው። ሊሞት የፈለገ ሰው ውሃውን አይዘጋም፤ ውሃው ሲዘጋ ማሞቂያውም ይጠፋል። ሦስተኛው» ልብስ ሰፊውን አየችው፤ «ወራሹ ገደለው ነው። ወራሹ ለአራት ቀን እንኳ እዚህ ቤት ብቅ አላለም።»

የእህት ልጅ አንገቱን ደፋ። ነፃ የወጣው በራሱ ጥፋት ነበር።

«የራስ ምታቱን እንከተል። ሟቹን ከረቡዕ ጀምሮ አሞታል። ታች ያሉትን ጋሼን ሐሙስና ዓርብ ፈልጧቸዋል፤ መነጽራቸውን ከሰሱ። ሦስተኛው ፎቅ ጤነኛ ነው። ጋዝ ወደ ላይ የሚሄድ ነገር ሆኖ ሳለ ታች ያሉት ታመው ላይ ያሉት ደህና ከሆኑ፣ ጢስ መውጫው በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ተደፍኖ ነበር ማለት ነው። ቅዳሜ ስናየው ክፍት የሆነው አንድ ሰው ስለከፈተው ነው።»

«ማን?» አለ ልብስ ሰፊው።

«እርስዎ ሳሉን እስከ ዓርብ ሰሙት። ደብተሩም እስከ ዓርብ ይቆጥረዋል። የሰኞው ቅጂ ላይ አራት ጊዜ ይሰማል፤ ቆጥሬዋለሁ። የዓርቡ ላይ አንድም የለም። ውሻው ሳይሻለው ሳሉ የቆመው በዚህ ቤት ብቻ ነው። ስድስት ሰዓት የሚቀመጡበት ወንበርም ባዶ እንጨት ነው። ስፖንጁ የት ሄደ?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ልብስ ሰፊው ሳያስበው ራሱን ዳበሰ። አንባቢዋ ግን ለመካድ አልሞከረችም።

«መጀመሪያ ፍርግርጌን ሸፈንኩት» አለች ቀስ ብላ። «ግን በግንቡ በኩልም ይመጣ ነበር። ከዚያ የወንበሬን ስፖንጅ ጠቅልዬ ቀዳዳው ውስጥ ወደ ታች ገፋሁት። ጸጥ አለልኝ። ጢስ በዚያ እንደሚያልፍ እውነቴን ነው አላሰብኩም፤ የእኔ ማሞቂያ የኤሌክትሪክ ነው። ቅዳሜ ጋሼ ሲጮሁ፣ የመጡትም ሰዎች ጋዝ ሲሉ ሰማሁ። ሮጬ ጎትቼ አወጣሁት። ጥቁር ነበር።»

«ያኔ ገባዎት።»

«ገባኝ።»

«መድፈንዎ ባለማወቅ መሆኑን አምናለሁ። ግን ይህች ልጅ ሰው ገደልኩ እያለች ሦስት ቀን ስታለቅስ ዝም አሉ።»

አንባቢዋ ወደ ሐኪሟ ዞረች።

«ግን ለምን ተመልሶ ገባ?» አለች ሐኪሟ። እንባዋ እየወረደ ነበር፤ የእፎይታ እንዳልሆነ ግን ያስታውቃል። «ውሻውን ካደረቀ በኋላ፣ ለምን?»

መርማሪዋ ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች። «ሬዲዮ አልነበረም። በቀዳዳው ወደ ላይ የሚወጣው ሳል ብቻ ነው ብለው አስበዋል፤ የእርስዎም ድምፅ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ማንበብ የተከለከለ ሰው በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ውሻውን ያደርቃል፣ ውሃውን ዘግቶ የመንገዱ ጩኸት እንዳይገባ በሩን ይዘጋል፣ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ እርስዎን ያዳምጣል። ስፖንጁ ሲገባ ሁለቱም ድምፅ በአንድ ቀን ጠፋ፤ መውጫ ያጣው ጋዝም ውሃው ከተዘጋ በኋላ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ታፍኖ ቀረ። የዓርቡ ገጽ ትናንት ደረቀልኝ።»

አነበበችው። «ጠዋት አሥራ አንድ ጊዜ ሳለ። አንባቢዋ ከጠፋች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ብቻዋን የምትኖር ይመስለኛል፤ ብትታመም ማን ያውቅላታል? ምናልባት የነጥብ ሳል አስቀይሟት ይሆናል። ነገ ወጥቼ አንኳኳለሁ። ዛሬ ትንሽ ልጠብቃት።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ስምንት ዓመት ሰሚ የለኝም ያለች ሴት ከወለሏ ሥር አንድ ሰሚ ነበራት። አንባቢዋ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያለቀሰችው ድምፅ ሳታሰማ ነው፤ ልማድ ሆኖባታል።

የእህት ልጅ ነጥብን እሱ እንደሚወስደው ለሐኪሟ ነገራት። ሐኪሟ ለሁለት ሳምንት ከሌላ ውሻ እንዳይቀላቅለው፣ እንዳያስሮጠው ነገረችው። «እንፋሎትስ?» ሲላት፣ «መጀመሪያ ማሞቂያህ የምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው። ጎልማሳው የውሻውን ዕቃ ሊሰበስብ ቀድሞ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወረደ።

መርማሪዋና አንባቢዋ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሊሄዱ ትንሽ ቆይተው ተከተሉ። አንባቢዋ ካፖርቷን ደርባ፣ ቤቷን ቆልፋ፣ ደረጃውን እያየች ወረደች። በሁለተኛው ፎቅ በር ፊት ስትደርስ ቆመች። መርማሪዋ አላጣደፈቻትም። አንባቢዋ እጇን አነሳች፣ መለሰች፣ ደግሞ አነሳችና ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

የእህት ልጅ የውሻውን ብርድ ልብስ እንዳቀፈ ከፈተ።

«ላይኛው ፎቅ ነው የምኖረው» አለች አንባቢዋ፣ ያኔ ለሟቹ ሳትለው የቀረችውን። «ውሻው ሲያስለው ይሰማኛል። እሱን ልነግርዎ ብዬ ነው።»

ጎልማሳው መርማሪዋን አየ። ሰው በር ላይ ሲቆም የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ትዝ አለው።

«ይግቡ» አላት።